ተቆጣጣሪውን በሚዛን ላይ ስለማቆሜና ስላለመስከሬ

የካቲት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለደብረ ሲና የሕዝብና የዕቃ ማመላለሻ አክሲዮን ማኅበር
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
አሥመራ

ጉዳዩ፦ በመድኃኒት መሳሳት የደረሰብኝ ሕመም ስካር ተብሎ ስለተጻፈብኝ፣ ቃሉ ከማኅደሬ እንዲሰረዝልኝና ወደ ተሰነይ መዛወሬ እንዲቀርልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

በእሽግ ክፍል ዕቃ ተቀባይ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩ፣ መኖሪያዬ እዳጋ ሓሙስ የሆነ፣ እኔ በራኺ ወልደትንሣኤ ከዚህ በታች ያለውን በአክብሮት አቀርባለሁ። ጽሑፉ ቢረዝም ይቅርታዎን እለምናለሁ። አጭር የነበረው የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል ደብዳቤ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

፩. ክቡርነትዎ ለሥራ ወደ ምጽዋ ወርደው በነበሩበት ዕለት፣ ሰኞ የካቲት ፲፫ ቀን፣ ከአዲስ አበባ የመጡትን ተቆጣጣሪ በእሽግ ሚዛን ላይ አቁሜ መዝኛለሁ። ይህን አልክድም። ብክድም አይሆንልኝም፣ ደረሰኙ በእጄ ጽሕፈት ነው። እንዲህ ይላል፦ «አንድ ዕቃ። ክብደት ሰማንያ አራት ኪሎ። ተሰባሪ። መድረሻ ዓዲ ዃላ።»

፪. በማግሥቱ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ በፈረሙት ደብዳቤ፣ «በሥራ ሰዓት ሰክሮ በመገኘቱ» ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ወደ ተሰነይ መጋዘን እንድዛወር ታዝዣለሁ።

፫. አልሰከርኩም።

፬. ሦስተኛውን አንቀጽ ብቻ ልኬ ዝም ልል አስቤ ነበር። ባለቤቴ ለተብርሃን አየችውና «ይህን ብቻ ከላክህማ፣ ሰክሮ የጻፈው ነው ይሉሃል» አለችኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው እነሣለሁ።

፭. የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከዚያ የደም ብዛት መጣ። ከዚያ እግሬ ማበጥ ጀመረ። ከዚያ የእግሬ ጣቶች ደነዘዙ። ሐኪሜ በሄድኩ ቁጥር አንድ ክኒን ይጨምሩልኛል እንጂ የቀነሱበትን ቀን አላስታውስም። አሁን አራት ዓይነት ናቸው። የስኳሩ ነጭ ነው። የደም ብዛቱ ነጭ ነው። የእግሬን እብጠት የሚያወርደው፣ እኛ ቤት የውሃ ክኒን የምንለው፣ እሱም ነጭ ነው። ቫይታሚኑ ብቻ ቀይ ነው። እሱን ደግሞ «ብትረሳውም ብዙ አይጎዳህም» ብለውኛል። ከአራቱ በዓይኔ የምለየው፣ ብረሳው የማልጎዳበትን ብቻ ነው።

ሐኪሜ የነገሩኝን በቃሌ አውቀዋለሁ። የስኳሩን ክኒን ከዋጥህ ብላ። የረሳኸውን ለማካካስ ሁለት አትደርብ። የአንዱን ከሌላው አታደባልቅ። ላብ ካጠመቀህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታብህ፣ ስኳርህ ወርዷልና ቶሎ ጣፋጭ ነገር ውሰድ። የመጨረሻውን ሲነግሩኝ ሳቅሁ። ስኳር የበዛበት ሰው ስኳር ያንሰዋል ብሎ ማን ያምናል? እሳቸው አልሳቁም።

፮. መድኃኒቶቼ ከቤቴ ይልቅ በመሥሪያ ቤት ለምን እንደተቀመጡ መግለጽ ይኖርብኛል።

ሰፈራችን መልካም ሰፈር ነው። ጨው ያለቀበት ጨው ይጠይቃል፣ ክኒን የሌለው ክኒን ይጠይቃል። «በራኺ ሓወይ፣ አንተ እንደሆነ ብዙ አለህ» ይሉኛል፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። ለወገብ አንድ፣ ለቁርጠት አንድ፣ ለክፉ ሕልም አንድ። እምቢ ማለት ነውር ሆኖብኝ ቆየሁ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ወይዘሮ ንግስቲ ለራስ ምታት ብለው አንድ ነጭ መርጠው ዋጡ። የውሃው ነበር። ከዚያም የእህታቸውን ልጅ ሠርግ ለማጀብ በእኛው ማኅበር አውቶቡስ ወደ ደቀምሓረ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ዘጠኝ ጊዜ ቆመ፣ ያውም ፌርማታ በሌለበት። ሹፌሩ ስለ መዘግየቱ የጻፈው ማብራሪያ በማኅበሩ መዝገብ ይገኛል። «በአንዲት የሠርግ ሰው ምክንያት» የሚለውን እስከ ዛሬ የተረዳው አለቃ የለም። አሁን ገለጽኩ።

ከዚያ ወዲህ በቤት የቀረው የጠዋቱ አንድ የስኳር ክኒን ብቻ ነው። እሱንም ለተብርሃን በቀሚሷ ኪስ ይዛ ትዞራለች፤ ከቁርስ በፊት እንደ ሕፃን አፌን አስከፍታ ታጎርሰኛለች። የቀረውን በሙሉ ወደ ሥራ ቦታዬ አመጣሁት።

፯. በክፍላችን ጥግ ላይ አሮጌ የደብዳቤ መደርደሪያ አለ። የእንጨት ነው፤ አራት ረድፍ በሰባት፣ ሃያ ስምንት ቤት። እያንዳንዱ ረድፍ ከአሥመራ የሚወጣ አንድ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት በዚያ መንገድ ላይ ያለ አንድ ከተማ። አዲሱ የብረት መደርደሪያ ከመጣ ወዲህ ማንም ደብዳቤ አያኖርበትም። በቀድሞው የክፍል ኃላፊ የቃል ፈቃድ እኔ ክኒን አኖርኩበት።

አራት መንገድ፣ አራት የመድኃኒት ሰዓት። ሰባት ከተማ፣ ሰባት ቀን። የምጽዋ መንገድ ጠዋት ነው፣ ሥራ እንደገባሁ። የከረን መንገድ ቀትር ነው። የሰንዓፈ መንገድ ማታ ነው፤ ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ከሥራ ስወጣ ውጬ እራቴ ላይ እደርሳለሁ። የዓዲ ዃላ መንገድ መኝታ ነው፤ እሱን በወረቀት ጠቅልዬ እወስዳለሁ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ማለት ነፋሲት ነው። ቅዳሜ ቀትር ባረንቱ ነው። በየቅዳሜው ከመውጣቴ በፊት የሚመጣውን ሳምንት እሞላለሁ፤ የእሑዱን ለይቼ በኪሴ እይዛለሁ። ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳትኩም። ከወንበሬ ሳልነሣ አገሩን በክኒን ዞሬዋለሁ።

ይህ አሠራር ለክቡርነትዎ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የተደላደለ ነገር ነበር። ሰው ሕይወቱ በአንድ ቦታ ላይ በሥርዓት ተደርድራ ሲያያት ደስ ይለዋል።

፰. በጥር ወር የወጣው ማዘዣ፣ በመሥሪያ ቤቱ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛ እንዲሆን የሚለው፣ ተገቢ ማዘዣ ነው። ይህ አቤቱታ በማዘዣው ላይ፣ ወይም በፊደሉ ላይ፣ ወይም በማንም ላይ የቀረበ ተደርጎ እንዳይታይብኝ አጥብቄ እለምናለሁ። ይህን አንቀጽ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አምስተኛው ይኸው ነው። በጣሊያን ፊደል ተጽፋ የነበረችው ነፋሲት በአማርኛ ብትጻፍ ያው ነፋሲት ናት፣ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም ብዬ ተረጋግቼ ነበር።

ተንቀሳቀሰች።

አዲሱ መዝገብ ያዥ አቶ እያሱ ትጉህ ሰው ናቸው፤ ጠብ የለንም። ተቆጣጣሪው ሰኞ ስለሚመጡ፣ ቅዳሜ እኔ ሞልቼ ከወጣሁ በኋላ ቀርተው የሃያ ስምንቱን ቤት ወረቀት በአማርኛ ለወጡ። ማዘዣው የሚያዘው እስከዚህ ነው። እሳቸው ግን ሥራው እንዲያምር ብለው ከተሞቹን በሀ ሁ ተራ ደረደሯቸው። በየቤቱ ያገኙትን ክኒን ደግሞ አንድም ሳይጥሉ ከየከተማው ጋር አዛወሩት። «ምንም አልጠፋብህም እኮ፣ እያንዳንዱን ከነአገሩ ነው የወሰድኩልህ» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ስለ ታማኝነታቸው አመስግኛቸዋለሁ።

ነገር ግን እኔ ስሙን አላነብም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ያነባል? የሚሄደው እጄ ነው። ከላይ በስተግራ፣ የመጀመሪያው፣ ሰኞ ጠዋት። ያን ሰኞ ከላይ በስተግራ የመጀመሪያዋ ሃላይ ነበረች። ሃላይ በሰንዓፈ መንገድ በኩል ናትና ማታ ነች። የጠዋቱ አንድ የውሃና አንድ የደም ብዛት ነው፤ ሁለት ነጭ። የማታው ሁለት የስኳር ነው፤ ሁለት ነጭ። ተቆጣጣሪው ግቢ ገቡ ሲባል ሁላችንም ቆመን ነበር። እየቆምኩ ዋጥኩ።

፱. በቤቴ አንድ፣ በሃላይ ሁለት። በአንድ ጠዋት ሦስት የስኳር ክኒን።

ይህም ሆኖ ብበላ ኖሮ እተርፍ ይሆናል። ዘወትር አራት ሰዓት ላይ ከወይዘሮ ትብለጽ ሻሂ ቤት ያመጣሁትን አንድ ዳቦ እበላለሁ። ያን ዕለት ግን የጾመ ነነዌ መጀመሪያ ነበር። ነፍስ አባቴ ስለ ሕመሜ ፈቅደውልኛል። መብላቱን እሳቸው ፈቀዱልኝ፤ ስበላ መታየቱን ግን እኔ ለራሴ አልፈቀድኩም። ስለዚህ በጾም ቀን ዳቦዬን ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ የማላላምጥ እስኪመስል ቀስ ብዬ እበላለሁ። ያን ዕለት አራት ሰዓት ላይ ወደ መደርደሪያው ጀርባ ዞርኩ። ተቆጣጣሪው እዚያ ቆመው ነበር። እንጨቱን ከኋላ እየመረመሩ የአቶ እያሱን ተራ ያደንቃሉ።

ዳቦውን ወደ ኪሴ መለስኩ።

፲. ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ይህን ለመጻፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ክቡርነትዎ ቢያውቁ። ላብ አስታውሳለሁ። የሚዛኑን መርፌ አስታውሳለሁ፤ በጣም ቆንጆ መስላ ታይታኝ ነበር። ከዚያ ከአራት ሰዓት ከሩብ እስከ አምስት ሰዓት ያለው ጊዜ የእኔ አይደለም። ሌሎች ሰዎች ናቸው የያዙት። በየወንበሩ እየዞርኩ፣ እባካችሁ የእኔን ሦስት ሩብ ሰዓት ስጡኝ እያልኩ፣ ቁርጥራጩን ለምኜ ሰብስቤያለሁ። በእኔ ኮት፣ በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ጽሕፈት የሠራ ሰው አለ። እኔ አላገኘሁትም። ሁሉም አግኝተውታል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ሲያወሩልኝ ያ ሰው ትንሽ የናፈቃቸው መምሰሉ ነው።

፲፩. የሚዛን ሠራተኛው ሃብተሚካኤል የሰጠኝ ቃል ይህ ነው።

«መጀመሪያ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አነሣህ። ይህ ለብቻው ነው የሚላከው አልክ። ከዚያ፣ ና ውጣ፣ ቀስ ብለህ፣ ተሰባሪ ነህ እንዴ አልካቸው። አንተ አልካቸው፣ በራኺ! ወይለይ፣ እኔ እኮ በሚዛኑ ሥር ልገባ ቃጣኝ።»

ተቆጣጣሪውስ ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት።

«ወጡ።»

ዝም ብለው?

«ዝም ብለው። አሥመራ እንዲህ ነው የሚሠራው ብለው ይሆናላ። ደግሞ እንዴት ያለ ፍጥነት ነበረህ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሠርተህ አታውቅም።»

አቶ እያሱ በበኩላቸው ተቆጣጣሪው የተመዘኑት ከነባርኔጣቸው ነው ይላሉ። ደረሰኙ ስለዚህ የሚለው የለም። ሰማንያ አራቱ ኪሎ የተጣራ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከመመዘኔም በላይ ያፈርኩት ግን ታላቅ ሰው «አንተ» ማለቴን ስሰማ ነው። በዕድሜዬ ለታናሾቼ እንኳ «እርስዎ» ያልኩ ሰው ነኝ።

፲፪. ላቤ በሸሚዜ አልፎ በኮቴ ላይ ሲወጣ፣ ወይዘሮ ትብለጽ ብርጭቆ ሊሰበስቡ መጥተው በሩ ላይ አይተውኛል። ሟቹ ባለቤታቸው ይኸው ሕመም ነበረባቸው። ምንም ሳይጠይቁ ተመልሰው ሦስት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻሂ ይዘው መጡ። ሃብተሚካኤል በሩን በሁለት እጁ ዘጋባቸው።

«አደይ ትብለጽ፣ ሰውየው የስኳር በሽተኛ ነው እኮ! በስኳር ሊገድሉት ነው?»

«እና በምን ላድነው፣ በበርበሬ? ስኳሩ ወርዶበታል፣ አታይም ላቡን? ዞር በል!»

«ኣይፋልን! አልዞርም። በእኔ ተራ አይሞትም።»

«በእኔስ ተራ ይሙት ነው የምትለው? አንተ ግንድ!»

ባልደረቦቼን መውቀስ አልችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከስኳር ጠብቀውኛል። በሠርግ ቤት ጠጁን ከእጄ ይቀማሉ። በክርስትና ቤት ሕምባሻ ሲቆረስ የእኔን ድርሻ ዘቢቡን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ያንኑ ዘቢብ በፊቴ በልተው፣ የተበሳሳውን ይሰጡኛል። ፍቅር ነው። ያን ሰኞ ስምንት ሰው ተሰልፎ ከስኳር ተከላከለኝ። አቶ እያሱ ሎሚ ያለ ስኳር ጨምቀው አመጡ። አንዱ በራሴ ላይ ውሃ አፈሰሰ። ሌላው ጫማዬን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም ሊነግረኝ አልቻለም። ሻሂው በሩ ላይ በረደ።

እኔ መሞት ጀምሬ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ሐኪሜ ኋላ እንደነገሩኝ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ወድቄ አልነሣም ነበር። በዚያው ሰዓት እኔ የተቆጣጣሪውን ባርኔጣ በገመድ እያሠርኩ ነበር አሉ።

፲፫. ያዳነኝ የማኅበሩ ደንብ ነው።

ለተቆጣጣሪው ክብር አንድ ጠርሙስ አራንቻታ፣ ያ ስኳር የበዛበት የብርቱካን ለስላሳ፣ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦላቸው ነበር። ጾም መሆኑ የታወሰው ከተከፈተ በኋላ ነው። ሊጠጣው የሚችል ስላልነበረ፣ ሊያነሣው የደፈረም ስላልነበረ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቶ እዚያው ቆሞ ነበር። በእኔ ኮት ውስጥ ያለው ያ ሰውዬ አየው። ይህ ደግሞ የማን ዕቃ ነው አለ። የተቆጣጣሪው ነው ቢሉት የእሽግ ክፍል ደንብ አንቀጽ አሥራ አንድን ሳይሳሳት በቃሉ አነበበ፦ «ፈሳሽ የያዘ ዕቃ ተቀባይነት የለውም፤ በላኪው ፊት ባዶ ይደረጋል።» ላኪው አሁንም ሚዛኑ ላይ ናቸው። ስለዚህ በፊታቸው ባዶ አደረገው። የሚያፈስበት ዕቃ አልነበረም። ጠጣው።

ሃብተሚካኤል ሊቀማኝ ሲዘል ጠርሙሱ አልቆ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጦ «በቃ፣ ገደልነው» ብሎ አለቀሰ ይላሉ። እሱ ይክዳል፤ ላብ ነው ይላል።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ እግሬ እንደበረደው ተሰማኝ። ከዚያ ሰዎች አየሁ። ከዚያ በሚዛኑ ላይ እጃቸውን አጣምረው የቆሙ አንድ የተከበሩ ሰው አየሁ። «ክቡር ሆይ፣ እዚያ ላይ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። ከአራት ሰዓት ከሩብ በኋላ ከተናገርኩት ሁሉ የእኔ ነው ብዬ የምምልበት የመጀመሪያው ይህ ነው።

ተቆጣጣሪው «ጨርሰናል?» አሉኝ።

ጨርሰናል አልኳቸው። ምን ልበል?

በኮታቸው ጀርባ ያሠርኩት የዓዲ ዃላ ወረቀት ሳይፈታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሄዱ ሰምቻለሁ። ሊፈታው የሮጠ ሰው ነበር፤ ማኪናው ቀደመው። እሳቸው አልከሰሱኝም። በሪፖርታቸው ስለ እሽግ ክፍል ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው አሉ፦ «አቀባበሉ ጥብቅ ነው።»

፲፬. የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊ የደረሱት በመጨረሻው ላይ ነው። ጫማዬ የወለቀ፣ ራሴ የረጠበ፣ ባዶ ጠርሙስ የያዝኩ ሆኜ አገኙኝ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ሰክሯል እላለሁ። ስለዚህ እሳቸውንም አልከስም። የምከሰው ቃሉን ነው።

ስዋ፣ ማለት ጠላ፣ ከተውኩ አራት ዓመቴ ነው። ሐኪሜ ሲከለክሉኝ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ባልንጀሮቼ ሲጠጡ ከፊታቸው ተቀምጬ ውሃ ጠጥቻለሁ፤ ሲስቁ ከእነሱ ትንሽ ዘግይቼ ስቄያለሁ። በወንድሜ ሠርግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረቅ ሆኜ ጨፍሬያለሁ፤ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ችዬ በመጨረሻ በማኅደሬ ሰካራም ተብዬ ከተጻፈ፣ ያልጠጣሁትን ማን ይመልስልኛል?

፲፭. የራሴን ጥፋት አምናለሁ። ክኒንን ከጠርሙሱ አውጥቶ በከተማ ስም ማኖር ጥፋት ነው። ሳያዩ መዋጥ ጥፋት ነው። ስለ ሕመሜ ለባልደረቦቼ ግማሹን ብቻ መንገሬ ከሁሉ የባሰ ጥፋት ነው። ስኳር እንደሚበዛብኝ ነገርኳቸው፤ ሊያንሰኝ እንደሚችል አልነገርኳቸውም፣ እኔም በልቤ አላመንኩትም ነበርና።

አሁን ሦስቱንም ነጮች ወደየጠርሙሳቸው መልሻለሁ። ጠርሙሶቹ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ በቤቴ ናቸው፤ ቁልፉ በለተብርሃን አንገት ላይ ነው። ወይዘሮ ንግስቲ ለጊዜው ተቀይመውናል። ለቀን የሚያስፈልገኝን ብቻ፣ ስሙና ሰዓቱ በተጻፈበት ወረቀት ለየብቻው ጠቅልዬ ወደ ሥራ እይዛለሁ። ከመዋጤ በፊት ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ደንበኞች ይደነግጣሉ፣ ይለምዱታል። የአራቱንም ስም፣ መጠንና ሰዓት ጽፌ በደረት ኪሴ ይዣለሁ። ሐኪሜ ፈርመውበታል። ስለ ሰኞውም ሕመም ማስረጃ ሰጥተውኛል። ሁለቱም ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። አሮጌው መደርደሪያ አሁን ባዶ ነው፤ የአቶ እያሱ ተራ እንዳለ ይቆይ። ሲያዩት ያምራል።

፲፮. ስለ ተሰነይ። ከተማዋን አልጠላም። ሙቀቷንም ሰው ይለምደዋል። የምፈራው ሌላ ነው። ያ ሰውዬ ተመልሶ እንዳይመጣ እጠነቀቃለሁ፤ ነገር ግን አይመጣም ብዬ መማል አልችልም። ከመጣ፣ በማላውቀው መጋዘን፣ በማያውቁኝ ሰዎች መካከል ይመጣል። እነሱም እሱን በራኺ ነው ይላሉ። ይህ ነው በራኺ፣ ከላይ እንዲህ ተጽፎ ተልኮልናል፣ ሰካራም ነው፣ ተዉት ይተኛ ይላሉ። ይተኛ ብለው በሩን ይዘጉልኛል። በቅንነት ነው የሚዘጉት። እኔም በዚያ በር ውስጥ እሞታለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቃሉ እንዲሰረዝ የምለምነው ስለ ክብሬ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

፲፯. ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ እለምናለሁ።

«ሰክሮ» የሚለው ከማኅደሬ ወጥቶ በምትኩ «ታሞ» ተብሎ እንዲጻፍልኝ። ቦታው ከበቃ «ስኳሩ ወርዶበት ታሞ» ቢባል ደስ ይለኛል፤ ካልበቃ «ታሞ» ይበቃኛል።

ወደ ተሰነይ መዛወሬ እንዲቀር፤ ይህ የማይቻል ቢሆን እንኳ ሐኪሜ በእጃቸው የጻፉት ማብራሪያ ከእኔ ቀድሞ እዚያ እንዲደርስ።

በጾምም ሆነ በፍስክ፣ ተቆጣጣሪ ቢኖርም ባይኖርም፣ በሰዓቱ በግልጽ እንድበላ በጽሑፍ እንዲፈቀድልኝ። ነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል፤ እኔ ለራሴ መፍቀድ ስላቃተኝ ክቡርነትዎ ቢያዙኝ ይቀለኛል።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። የሚከተለው በማኅበሩ ማኅተም ተጽፎ በእሽግ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በሁለቱም ቋንቋ ቢሆን መልካም ነው፣ ካልተቻለም በአማርኛ ብቻ፣ እንዲለጠፍልኝ። በራኺ ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ሰው ቢመዝን፣ አለቃ «አንተ» ቢል፣ ወይም ከወትሮው ይልቅ ፈጥኖና ደስ ብሎት ሲሠራ ከተገኘ፣ መዋጥ የሚችል እስከሆነ ድረስ ወዲያው ስኳር ያለበት ነገር ይጠጣ፤ መዋጥ ካቃተው በአፉ ምንም ሳይደረግ ሐኪም ይጠራ። «አልፈልግም፣ የስኳር በሽተኛ ነኝ» ቢል አይሰማ። ያን ጊዜ የሚናገረው እኔ አይደለሁም። አጠጡኝና ጠብቁኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ነው። እመለሳለሁ፤ ስመለስ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ውሳኔዎ ከሰኞ በፊት እንዲደርሰኝ እየለመንኩ፣ ለክቡርነትዎ ጤና በመመኘት፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
በራኺ ወልደትንሣኤ
የእሽግ ክፍል ዕቃ ተቀባይ

ግልባጭ፦
ለሠራተኞች ጉዳይ ክፍል
ለወይዘሮ ትብለጽ ሻሂ ቤት (ሃብተሚካኤል ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው)